በመዶሻ የገባው ክዳን

አንድ ደርበው የሚባል ነጋዴ በከተማው መሀል ትልቅ የሰርግ አዳራሽ አሠራ። የመብራቱንና የድምፁን ሥራ የሰጠው ለታናሽ ወንድሙ ለአለኸኝ ነበር። ወንድማማቾቹ እናትና አባታቸውን ያጡት ገና በልጅነታቸው ነው። ያሳደጓቸው አክስታቸው ወይዘሮ ጥሩአየሁ ናቸው፤ ለእነሱ ሲሉ ትዳር ሳይዙ፣ የራሳቸውን ልጅ ሳይወልዱ አረጁ። ስለዚህ አዳራሹን መርቀው እንዲከፍቱት የተመረጡት እሳቸው ሆኑ።

አለኸኝ ድምፅ ማጉያዎቹን ኮርኒሱ ውስጥ ቀበራቸው። ከሥር ለሚመለከት ሰው የሚታየው ወንፊት የመሰለው ክብ የብረት ክዳናቸው ብቻ ነው። ክዳኖቹ ነጭ ነበሩ። ደርበው ግን ነጩ ከአዳራሹ ጋር አልሄደልኝም ብሎ ወርቃማ ቀለም አስቀባቸው፤ አልደመቀም ብሎም በላዩ ላይ አስደገመው። ክዳኖቹ ሊገጠሙ ሲመጡ ጠርዛቸው በቀለም ወፍሮ ማረፊያቸው ውስጥ አልገባ አለ።

አለኸኝ ከመሰላል ወርዶ ነገሩን ለወንድሙ አስረዳው። የጠርዙ ቀለም ተፍቆ መነሳት አለበት፤ ያለዚያ ክዳኑ የያዘ ይመስላል እንጂ አይዝም። ደርበው ምርቃቱ ነገ መሆኑን፣ ጥሪው መበተኑን፣ ቀለሙ ከተነካካ ደግሞ የክዳኖቹ ፊትም ተላልጦ ሰው ፊት እንደሚያሳፍረው ነገረው።

«ጋሼ፣ ሙዚቃው ሲነዝረው ይወድቃል» አለ አለኸኝ።

«አንተ ደግሞ መጨነቅ ትወዳለህ። መዶሻ የለህም?»

የአለኸኝ እንጀራ በወንድሙ እጅ ነው፤ ጭቅጭቁም ሰልችቶታል። የጎማ መዶሻውን ይዞ ወጣና ክዳኖቹን እየቀጠቀጠ አስገባቸው። የአንዳንዶቹ ጠርዝ ሲታጠፍ እጁ ላይ ታውቆታል። ከሥር ሲታይ ግን ኮርኒሱ አንድ ወጥ ሆኖ ያምራል። ደርበው ደስ ብሎት ወንድሙን አቀፈው። አለኸኝም፣ እኔ ነግሬዋለሁ፣ ከእንግዲህ የራሱ ጉዳይ ነው ብሎ ልቡን አሳረፈ።

በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ወይዘሮ ጥሩአየሁ በክብር ከፊት ተቀመጡ። መርቀው ሲጨርሱ ሰው ሁሉ አሜን አለ፤ ሙዚቃውም ከፍ ተደረገ። አሮጊቷ ዘፈኑ ከየት እንደሚመጣ ግራ ገብቷቸው ወደ ላይ ቀና አሉ። ያን ጊዜ ከበላያቸው የነበረው ክዳን ተነቅሎ በጠርዙ ወረደ።

ሐኪሞች ቀኝ ዓይናቸውን ሊያተርፉላቸው አልቻሉም። ግራው ቀድሞም በሞራ የተጋረደ ነበር።

ደርበው ለጠያቂው ሁሉ ያጠፋው ክዳኑን የገጠመው ነው እያለ ተናገረ። አለኸኝ ደግሞ የታዘዝኩትን ነው ያደረግሁት አለ። ዘመድ ለሁለት ተከፈለ፤ ወንድማማቾቹም ተኳረፉ። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ሁለቱንም ይዘው አክስታቸው ቤት ገቡ። እያንዳንዱ የራሱን ክርክር ሊጀምር ሲል ወይዘሮ ጥሩአየሁ በእጃቸው አስቆሟቸው።

«ማን አጠፋ አልላችሁም» አሉ። «እንደሚወድቅ ያወቀ ማን ነበር?»

«እኔ አውቅ ነበር» አለ አለኸኝ።

«ነግሮኛል» አለ ደርበው።

«እያወቃችሁ ነዋ ከሥሩ ያስቀመጣችሁኝ። ባላወቃችሁ ይሻለኝ ነበር።»

ይህን ብለው ከመቀመጫቸው ተነሱ። ሁለቱም ሊደግፏቸው ብድግ ቢሉ፣ ለአንዳቸውም እጃቸውን አልሰጡም፤ በጎረቤታቸው ተመርተው ወደ ጓዳ ገቡ።

ከዚያ በኋላ ደርበው የቀሩትን ክዳኖች በሙሉ አስወርዶ የጠርዛቸውን ቀለም አስፋቀ። ሥራው ግማሽ ቀን እንኳን አልፈጀም።

ሳያውቁ ያጠፉት ጥፋት ያሳዝናል፤ እያወቁ ያለፉት ግን ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳን አፍ ያሳጣል። የተነገረውን ንቆ ያለፈ አንድ ጥፋተኛ ነው። አንዴ ተናግሮ፣ ከዚያ መዶሻውን ያነሳውስ? ምላሱ እውነቱን ብትናገርም እጁ ውሸቱን ገጥሞታል። «ነግሬ ነበር» ማለት የሚያጽናናው ተናጋሪውን ብቻ ነው፤ የተጎዳውን ሰው ዓይን አይመልስም።

እርስዎስ እንደማይዝ እያወቁ፣ ለዛሬ ካማረ ይበቃል ብለው ቀጥቅጠው ያስገቡት ነገር የለም?