ኃላፊነቱን ማን ወሰነው?

አንድ ሰው ጥያቄ ጠይቆ በሰው ፊት ተሰደበ። የሰደበው አቶ ዘርጋው ይባላል። ቀኑ የሚያዝያ ሚካኤል ማግስት ነው፤ ቦታው ወሊሶ፣ የእንጨት ሥራ ቤታችን ውስጥ፣ መላጊያ ማሽኑ አጠገብ። የተሰደበው እኔ ነኝ። ለምን እደብቃችኋለሁ፣ ምእመናን? እሱ ረስቶታል፤ እኔ አልረሳሁም።

አምስት ሆነን ወንበርና ጠረጴዛ እንሠራ ነበር። ሥራው ሲሰፋ በሕግ የታወቀ ማኅበር እንሁን ተባለ። ከመሐላችን የተማረው ዘርጋው ነበርና ቃላቱን ያስረዳን ጀመር።

«አባል ማለት እናንተ ናችሁ። ድርሻ ማለት ያዋጣችሁት ነው። መመሥረቻ ጽሑፍ፣ የማኅበሩ የልደት ወረቀት በሉት። ሥራ አስኪያጅ በማኅበሩ ስም የሚፈርመው ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። ስማችን ደግሞ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ይባላል።»

እጄን አወጣሁ። «አቶ ዘርጋው፣ ኃላፊነቱን ማን ወሰነው?»

መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «አንተ ደንቆሮ፣ የጽዋ ማኅበር መሰለህ እንዴ? የጽዋው አለቃ ሙሴው ነዋ የወሰነው! ዳቦህን ተሸክመህ ና!»

ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ማን ወሰነው» ሆኖ ቀረ። ማን ወሰነው፣ ሚስማር አቀብለኝ። ማን ወሰነው፣ ሻይ እዘዝ።

ሳቁ ሲበርድ ግን አስረዳን። «የተወሰነ ማለት ልክ አለው ማለት ነው። ማኅበሩ ቢከስር የሚጠየቀው በራሱ ንብረት ነው። እናንተ የምታጡት ያዋጣችሁትን ድርሻ ብቻ ነው። አበዳሪ ቤታችሁ ገብቶ አልጋችሁን አያወጣም።» ደግ ሕግ ነው። ሕጉን አልነቅፍም። እኔን የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው።

ከአምስታችን አንዱ ድንበሩ ነበር። በዚያ ስም ጠርቶኝ የማያውቅ እሱ ብቻ ነው። ጉበቱን ታሞ ተኛ። እኔ የወንበር ጭነት ይዤ ሆሳዕና ከተማ ወርጄ ሳለሁ ሚስቱ ትርንጎ ሥራ ቤት መጣች።

«ጋሼ ዘርጋው፣ ድንበሩ ጓደኞቼን ልያቸው ይላል። ኧረ አንዴ ብቅ በሉለት።»

ዘርጋው ሥራ ላይ ነበርና ቀና እንኳ አላለም። «አይዞሽ ትርንጎ። የእሱ ድርሻ የትም አይሄድም። ከዚያ ያለፈውን ግን፣ የእኛ ነገር እንደምታውቂው ኃላፊነቱ የተወሰነ ነው።»

እሷ ከዚህ ሁሉ የሰማችው «የተወሰነ» የሚለውን ነው። እንደ እኔው ነች፤ ተወሰነ ማለት ለእሷ ተመከረበት፣ ተቆረጠ፣ ይመጣሉ ማለት ነው።

«እሰይ! ተወሰነ? እግዜር ይስጥልኝ!» ብላ እየሮጠች ወጣች። «ተይ፣ እንዲያ ማለታችን አይደለም» ብሎ የመለሳት ሰው የለም።

ከጎረቤት አግዳሚ ወንበር ተዋሰች። ድንበሩን አጠበችው፣ ሸሚዝ ቀየረችለት፣ በትራስ ደግፋ ፊቱን ወደ በሩ አዞረችው። ውሻ በጮኸ ቁጥር «መጡ?» ይላታል። «ይመጣሉ፤ ተወስኗል» ትለዋለች።

መጡ? አልመጡም፣ ምእመናን። እኔም ስመለስ የደረስኩት ለቅሶው ላይ ነው። ትርንጎ ስታየኝ፣ «ተወስኗል ብለውኝ ነበር እኮ!» ብላ ጮኸች። ያ ጩኸት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ሕጉ ልክ ያበጀው ለዕዳ ነው። ለፍቅር ልክ ያበጀው ማን ነው? «ኃላፊነቱ የተወሰነ» የሚለውን ታፔላ ከሥራ ቤት በር ነቅላችሁ ልባችሁ ላይ ስትሰቅሉት፣ ማን ፈቀደላችሁ? በስልክ «እንዴት ነህ» ብለህ ድርሻዬን ተወጣሁ ያልከው ወንድሜ፣ ማን ወሰነው? መዋጮሽን በሰው እጅ ልከሽ የቀረሽው እኅቴ፣ ማን ወሰነው? አምላካችን ወደ እኛ ሲወርድ፣ እስከዚህ ድረስ ነው የምጠየቀው ብሎ ነበር?

የእያንዳንዳችሁን ኮቴ የሚያዳምጥ፣ ፊቱን ወደ በር ያዞረ አንድ ሰው አለ። ታውቁታላችሁ። አሁን ስሙ ትዝ ብሏችኋል። ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤታችሁ አትሂዱ፤ ወደ እሱ ሂዱ።

የቀረችኝን ልንገራችሁና ልውረድ። ሠልስቱ ሲበተን ዘርጋው ከድንኳኑ ጥግ ጠራኝ። «ማን ወሰነው» አለኝ፤ ያን ዕለት እንኳ በስሜ አልጠራኝም። «እኔ የተናገርኩት እኮ የሕግ ቃል ነው። ያልገባት እሷ ናት። እስቲ አንተ ፍረድ፣ ጥፋቴ ምንድን ነው?»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ስንት ዓመት ሳብሰለስለው የኖርኩት ሁሉ ምላሴ ላይ መጣ። ዞር ስል ትርንጎ የተዋሰችውን አግዳሚ ለመመለስ ብቻዋን መሬት ለመሬት ትጎትታለች።

እንደቆመ ትቼው ሄድኩና በወዲያኛው ጫፍ ያዝኩላት።