የእርገጤ ማሲንቆ ያልጨረሳት ቃል

ድንጋይ ዳቦ የነበረበት ዘመን አልፎ፣ ዳቦው ጠንከር ጠንከር ማለት በጀመረበት ሰሞን፣ ጭላዳ አፋፍ በምትባል መንደር እርገጤ የሚባል ሰው ነበረ። ጠጋ በሉ እንጂ፤ ከኋላ ያላችሁት፣ ታሪኩ ለእናንተም ነው።

እርገጤ መሬት የለውም። በሬ የለውም። ድምፅ ግን አለው። ማማ ላይ ወጥቶ የሰው ማሽላ ከዝንጀሮ ይጠብቃል። አንዴ «ሃይ!» ሲል ዝንጀሮው ገደል ይወርዳል፤ ከማዶ የሚያርሰውም ገበሬ በሬውን ፈትቶ ቤቱ ይገባል።

ይህ ሰው ወይዘሮ አንጓችን ወደደ። አንጓች ባሏ የሞተባት፣ ቤቷ የሞላ፣ አንደበቷ የተሳለ ሴት ናት። እሷም አልጠላችውም። ግን እንዲህ አለችው፦

«ሰርጌ ላይ ማሲንቆ ይመታልኝ። ሟቹ ያለ ማሲንቆ አገባኝ፤ እስኪሞት ድረስ ከአፉ ቃል አልወጣም። ዝምታን አንዴ አግብቻለሁ፣ አልደግመውም።»

ጭላዳ አፋፍ ውስጥ ግን ማሲንቆ የለም። አንድ አዝማሪ የጭቃ ሹም ዋሴን ስስት በግጥም ነካ ቢያደርገው፣ ጭቃ ሹሙ ማሲንቆውን ሰብረው ሰውየውን አባረሩት። ከዚያ ወዲህ አዝማሪ ሁሉ መንደሪቱን በሩቁ ዞሮ ያልፋታል። እኚሁ ጭቃ ሹም ደግሞ ሚስታቸው ሞታባቸው አንጓችን ይመኛሉ። ወንድሞቿንም በጠላ ይዘዋቸዋል። ወንድሞቿ ቁርጡን ተናገሩ፦ «በቅበላ ዕለት በፊታችን ማሲንቆ ከተመታ ለእርገጤ። ካልተመታ ጾሙ ሳይገባ ለጭቃ ሹሙ።»

እርገጤ ገበያ ወርዶ አንድ ሽማግሌ አዝማሪ አገኘ።

«ጌታው፣ ማሲንቆ ከምን እንጨት ይሠራል?»

«ብዙ ከሰማ እንጨት» አለው አዝማሪው።

ማለቱ ፀሐይና ዝናብ የተፈራረቀበት፣ የከረመ እንጨት ነው። አዝማሪ ነገርን ቀጥ አድርጎ መናገር አይሆንለትም። እርገጤ ደግሞ ነገርን ቀጥ አድርጎ ካልሆነ መስማት አይሆንለትም።

እርገጤ ማማው ላይ ወጣ። ዝንጀሮ አባረረ። አሰበ። ብዙ የሰማ እንጨት የቱ ነው? ሽማግሌዎች የሚዳኙበት ዋርካ! ሄዶ ቅርንጫፍ ቆረጠ። ሳጥኑን ጠረበ፤ የፍየል ቆዳ ወጠረበት፤ የፈረስ ጭራ ዘረጋበት። ጭራውን ከየት አመጣው? እኔ ያልሰማሁትን አልጨምርም። ብቻ የጭቃ ሹሙ ፈረስ ያን ሰሞን ከኋላው ሲያዩት አህያ ይመስል ነበር።

ሕዝቡን ሰብስቦ መታው። እንጨቱ እርጥብ ነበረና ቆዳው ረገበ። ዜማው ጀመር አድርጎ መሀል ላይ ቆመ። ደግሞ ጀመረ፤ ደግሞ መሀል ላይ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ነገሩን አወቁት። «በቃ፣ ለሌላ ቀን ተቀጥሯል» ብለው ነጠላቸውን አራገፉና ተነሡ። ሕዝቡም እንደ ልማዱ ተከትሏቸው ሄደ።

እርገጤ ማማው ላይ ወጣ። ዝንጀሮ አባረረ። አሰበ። ከዋርካው የበለጠ የሰማ የቱ ነው? የንስሐ አባታቸው፣ የአባ ዘሚካኤል በርጩማ! ያገሩ ኃጢአት ሁሉ እላዩ ላይ ተነግሯል። ሄዶ ለመናቸው።

«ውሰደው ልጄ» አሉት አባ። «እኔስ ሰምቼ እረሳለሁ፤ የደከመው እሱ ነው።»

በርጩማው ማሲንቆ ሆነና ተመታ። ድምፁ ሹክሹክታ ነበር። ማንም ቃሉን አልለየውም፤ ግን ሁሉም የራሱን ሰማ። ቅቤ ላይ ድንች የምትቀላቅለዋ ሴት ሆዴን አለች። ድንበር የገፋው ሰው ጫማው ውስጥ ጠጠር ፈለገ፤ ጫማ እንኳ አላደረገም። ጭቃ ሹሙ ከብቶቻቸው ድንገት ትዝ አሏቸው። በማግስቱ ማሲንቆው ተቃጥሎ ተገኘ። ማን እንዳቃጠለው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ሁሉም ፍም ይዞ ነበር የመጣው።

ቅበላ ደረሰ። እርገጤ ማማው ላይ ወጣ። ዝንጀሮ አላባረረም። አላሰበም። ወርዶ አንጓችን ሊሰናበት ሄደ።

አንጓች በርበሬ ትወቅጣለች። እርገጤ አለቀሰ፤ በበርበሬው ነው የሚሉ አሉ።

«አልሆነልኝም፣ አንጓች።»

«ወንድሞቼም!» አለች፤ ዘነዘናዋን አነሣችና ዱም! «ጭቃ ሹሙም!» ዱም! «አንተም፣ አንተ ዝንጀሮ አባራሪ!» ዱም! ሙቀጫው ለሁለት ተሰነጠቀ።

እርገጤ ስንጣሪውን አነሣ። የከረመ፣ ደረቅ ዋንዛ ነው።

«ይኼ ብዙ የሰማ ነው?»

«ባሌ ያልሰማኝን ሁሉ የሰማው እሱ ነው» አለች።

እዚያው ቁጭ ብሎ ጠረበው። ቆዳውን እሷ ያዘችለት። ቀለሙ በርበሬ እንደሆነ፣ ሽታው በርበሬ እንደሆነ፣ ወንድሞቿ፣ ሽማግሌዎቹና ጭቃ ሹሙ ፊት ቀረበ። ጭቃ ሹሙ ለሰርጉ አዲስ ጋቢ ለብሰዋል። እርገጤ ደጋኑን ሳበው።

«እም…» አለ ማሲንቆው፣ ጥርት ባለ የሴት ድምፅ። ከዚያ ጭራው ተበጠሰ።

መንደሩ ተንጫጫ።

«እምቢ ሊል ነበር!»

«የለም፣ እመጣለሁ ሊል ነበር!»

«ደግሞስ ለማን?» አሉ ጭቃ ሹሙ። «በኔ ፊት ስለተባለ ለኔ ነው። እመጣለሁ ነው ያለው።»

በማሲንቆ አንደበት «ም» እና «መ» አይለዩም፤ ይህ የታወቀ ነው። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። ነገሩ ከባድ ነውና ለፋሲካ ማግስት እንዲቀጠር አሰቡ። ይሄኔ አንጓች ከሴቶቹ መሀል ብድግ አለች።

«ቃሉ የኔ ነው፤ ከሙቀጫዬ ነው የወጣው። ልጨርሰው።»

ወደ ጭቃ ሹሙ ዞረችና «ቢ!» አለች።

ወደ እርገጤ ዞረችና፣ ቀስ ብላ፣ «ጣለሁ» አለች።

ወንድሞቿ የተናገሩትን ቃል ሊበሉ አልቻሉም፤ ማሲንቆው ተመትቷል፣ ባጭሩም ቢሆን። ሰርጉ በዚያው ቀን ሆነ። በዚያ ቤት ከዚያ ወዲያ ዝምታ ገብቶ አያውቅም ይባላል፤ እሷ ታወራለች፣ እሱ ይሰማል፣ የሰማውንም ማማው ላይ ወጥቶ ላገሩ ያሰማል።

እነሆ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በጭላዳ አፋፍ ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ አባትየውን አይጠይቅም። በልጅቷ ፊት ይቆምና «እም…» ብሎ ያቆማል። የቀረውን የምትሞላው እሷ ናት። ሽማግሌውም እስክትሞላለት አፉን እንደከፈተ ይጠብቃል። አንዳንዷ ታስቆየዋለች። ዝንብ የዋጡ ሽማግሌዎች አሉ።