የሾላ ግርጌ ምራት

በሾላ ግርጌ መንደር እንጉዳይ በስለት አይቆረጥም። ክረምቱ ገብቶ ጫካው ሲረሰርስ ትልቁም ትንሹም አፈሩን በጣቱ እየጫረ ከነሥሩ ያወጣዋል እንጂ፣ ማጭድ ይዞ የተገኘ ሰው የአገር መሳቂያ ነው። ይህን ያስጀመረችው ደብሪቱ የምትባል ምራት ናት ይባላል።

እንደሚነገረው፣ ደብሪቱ ከቆላ ተድራ የመጣች፣ ገና ዓመት ያልሞላት ሙሽራ ነበረች። በዚያ ክረምት ጎተራው ተሟጦ ቤተሰቡ በቀን አንዴ መቅመስም ብርቅ ሆኖበት ነበርና፣ አማቷ ወይዘሮ ዘርትሁን ጫካ ወርደው እንጉዳዩን እንደ ጎመን በማጭድ ቆራርጠው አንድ እንቅብ ሙሉ ይዘው ገቡ። ከፊሉን ቀቅለው፣ ልጆቹ ድስቱን ከበው ምራቃቸውን ሲውጡ ደብሪቱ ውሃ ቀድታ ተመለሰች፤ በእንቅቡ የቀረውን አገላብጣ ብታይ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም እግሩ የተቆረጠ ነው። ክው አለች። ደጉ እንጉዳይ ከመርዛማው የሚለየው በእግሩ መሆኑን እናቷ አስተምራታለች፤ እግሩ ደግሞ ጫካ ቀርቷል።

ድስቱን አንስታ ደጅ ደፋችው።

ልጆቹ አለቀሱ። ወይዘሮ ዘርትሁን ግን «አሁኑኑ ጓዝሽን ሸክፈሽ ወደ እናትሽ ሂጂ» አሉ። ማን ይፈርድባቸዋል፣ የተራበ ቤት ድስት ተደፍቶባቸዋል።

«እሄዳለሁ፣ እማዬ፤ መጀመሪያ ግን የቆረጡበትን ያሳዩኝ» አለች ደብሪቱ፣ ጉልበታቸውን ይዛ።

እያጉረመረሙ ወሰዷት። ተንበርክካ ከተቆረጡት አንዱን በጣቷ እየማሰች ብትከተለው፣ ረጅም ሥሩ እየቀጠነ ወደ ምስጡ ኩይሳ ወረደ። አጠገቡ ያለውን ብትጭር ግን እንዲያ ያለ ሥር የለውም፤ እንደ ተሰበረ የእንቁላል ቅርፊት ባለ ነጭ ከረጢት ውስጥ ተቀምጧል።

«ያኛው ይበላል፣ እማዬ። ቤት የሚዘጋው ይኼኛው ነው» አለች። በአንድ እንቅብ ሁለቱም ተደባልቀው ነበር።

ወይዘሮ ዘርትሁን አፈር የነካውን የምራታቸውን እጅ ስመው፣ «ልጆቼን አተረፍሽልኝ፤ እኔ ደግሞ ላባርርሽ ነበር» ብለው አለቀሱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች ከኩይሳው የበቀለውን ብቻ እየማሱ ለቀሙ፣ ቤቱም በዚያ ክረምቱን ተሻገረ።

ዛሬም በሾላ ግርጌ የዓመቱ የመጀመሪያ እንጉዳይ ሲበስል፣ ሌላ ጊዜ ቆማ የምታስተናግደው ምራት ትቀመጣለች፣ አማት እጇን ታጥባ ትነሳለች። ከልጆቹም ከአባወራውም በፊት የመጀመሪያውን ጉርሻ ለምራቷ ታጎርሳትና «እኛ ያለነው አንቺ ስለመጣሽ ነው» ትላታለች፤ ምራቲቱ ትናንት የተዳረች ብትሆንም እንኳ።