የጠቆረችው መስታወት

ጠጋ በይ ውብነሽ፤ ክረምት ነው፣ ጋቢውን ደርቢ። «ባሏ ከሞተ ወዲህ በስልክ ስታለቅስብኝ የነበረችው እህቴ፣ ዛሬ ዛሬ ደህና ነኝ ብቻ ትላለች፤ ተጽናናች ማለት ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ አይደል? ስሚኝ።

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው የአውሮፕላን ሞተር መፈተሽ ነው። ሞተሩ ሆድ ውስጥ፣ እሳቱ መሀል፣ ምላጭ የመሰሉ ብረቶች ይሽከረከራሉ አሉ። አንዷ ከልኳ በላይ ከጋለች ትሰበራለች፤ ሌሎቹንም ትሰባብራለች። ይሄ ሰማይ ላይ ቢሆንስ? እግዜር ይጠብቅ! እሳት ውስጥ ገብቶ የሚያይ የለ፤ ስለዚህ በሞተሩ ጎን ትንሽ የመስታወት መስኮት አበጅተው፣ ሙቀት የሚያይ ካሜራ ደቀኑባት። የጋለው ነጥቶ ይታያል፣ ቀዝቀዝ ያለው ይጠቁራል። ሰውየው ከግድግዳ ወዲያ ሆኖ ምስሉን ያያል።

መጀመሪያ አንዷ ብረት ነጣ ብላ ታየችው፤ ሰጋ። ፍተሻው ሲቀጥል ግን እሷም ሌሎቹም እየጠቆሩ ሄዱ። አለቃው ደስ አለው።

«በረደች እኮ! በቃ፣ ነገ ክንፉ ላይ ይገጠም።»

«አለቃ፣ እሳቱን የቀነሰው የለም። በምን በረደች?»

«አንተ ደግሞ የምሥራች አይስማማህም!»

ሰውየው ሞተሩን አጠፋ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ፣ መስታወቷን ፈታት። ጥላሸት ለብሳለች! ወልውሎ መለሳትና ሞተሩን አስነሳ። ያቺ ብረት ከበፊቱ ብሳ ነጭ ሆና ቦግ አለች። «አጥፋው! አጥፋው!» ብሎ የጮኸው አለቃው ራሱ ነው።

ለካስ ብረቷን የሚያበርደው አየር የሚያልፍባት ቀዳዳ ተደፍናለች። ብረቷን በአዲስ ለወጧት። ተመስገን፣ ሞተሩ በሰላም በረረ፤ የሰው ጠጉር አልተነካም። አለቃውም ከዚያ ወዲያ መስታወቷ ሳትወለወል ምስል አላይም አለ።

አየሽ ልጄ፣ ብረቷ እህትሽ ናት። እሳቷን ማን ቀነሰላት? መስታወቷ ስልክሽ ነው። እሷ «አላስጨንቃት» እያለች፣ አንቺም በጥድፊያ እየዘጋሽ፣ ጥላሸት አለበሳችሁት። ሂጂና ፊቷን እዪ፤ አብረሻት እደሪ።

እንዲህ ብዬ ሰደድኳት። ውብነሽ በማግስቱ ሄደች። እህቷን ከስታ፣ እህል ትታ አገኘቻት። እስኪወጣላቸው ተላቀሱ፤ ከዚያ ሽሮ ሠርተው በሉ። አሁን እህቷ ከሐዘኑ ወዲህ ዘግታው የቆየችውን ሱቋን ከፍታለች፣ ወዟም ተመልሷል። ውብነሽም እሑድ እሑድ እሷ ቤት ነች።