ጉማሬን ዓሣ ያሉ ሰዎች

«አንድ ባለጸጋ ነበረ፤ ሥጋ ካላየ እንቅልፍ የማይወስደው።»

አባ ገብረ ሕይወት እንዲህ ብለው የጀመሩት ደባልቄ ጠይቋቸው ገና አፉን ሳይዘጋ ነው። ደባልቄ ከብት አርቢ ነው። በማግስቱ በቀበሌው ስብሰባ፣ ከላይ ያለው ቆዳ ፋብሪካ ወንዙን አልበከለም ተብሎ ሁሉም እጁን አውጥቶ ሊያጸድቅ ነው። ውሃውን ጠጥተው የሞቱትን ላሞች የማያውቅ ሰው በመንደሩ የለም። ጥያቄውም፣ «ሁሉም የሚያውቀውን እውነት እኔ ብቻዬን ብናገረው ምን ይረባል?» የሚል ነበር። አባ ግን ወሬያቸውን ቀጠሉ።

የባለጸጋው ርስት ሐይቅ ዳር ነበር። በዚያ አገር ዓሣ በጾም ይበላል፤ ሥጋ ግን አይነካም። ሁዳዴ ከገባ ብዙም ሳይቆይ ሽሮው አንገሸገሸው፣ ዓሣውም ሰለቸው። በዚያው ሰሞን አዳኞቹ አንድ ጉማሬ ገድለው አመጡ። ባለጸጋው ጮማውን አይቶ ምራቁን ዋጠ፤ ከዚያም ሽማግሌዎቹን ሰበሰበ።

«የሚበር ሁሉ ወፍ ነው» አላቸው። «በደረቱ የሚሳብ ሁሉ እባብ ነው። በውሃ ውስጥ የሚኖርስ ምንድን ነው?»

«ዓሣ ነው፣ ጌታችን።»

«ጉማሬስ የት ነው የሚኖረው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከኋላ አንዲት አሮጊት፣ «እንግዲያውስ ዳክዬም ዓሣ ናታ!» ብላ ልትስቅ ስትል ልጇ በክርኑ ጎሸም አደረጋት። የነፍስ አባቱም ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «በውሃ መኖሩስ እውነት ነው» አሉና መሬት መሬት ያዩ ጀመር። ነገሩ በዚሁ ተቆረጠ።

ባለጸጋው ግን ብቻውን መብላት አልወደደም። ለብቻ የተበላ ኃጢአት ጉሮሮ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ረቡዕ ዕለት ድግስ ደግሶ ጭሰኞቹን ሁሉ ጠራ። እያንዳንዱ ቀርቦ ከጌታው እጅ ይጎርሳል፤ «ዓሣ ነው» ብሎ ያልፋል። እምቢ ያለ መሬቱን ይለቅቃል። ደግሞስ የጌታን ጉርሻ ማን ይመልሳል? ፊቱ ላይ እንደ መትፋት ነው።

ከተሰለፉት መካከል አንድ ገበሬ ነበር። ማሳው ሐይቁ አፍ ላይ ስለሆነ ጉማሬ ሌሊት ሌሊት እየወጣ በቆሎውን ይግጥበታል። አውሬ በበላው ማሳ ጌታው ግብር አይጠይቅም፤ ይህ ከአባት የወረደ ልማድ ነው፤ የገበሬውን ልጆች በሕይወት ያቆያቸውም ይኸው ልማድ ነው። ገበሬው ጀግና አልነበረም። ባለጸጋውን ይፈራል፤ የጥብሱ ሽታ ሲደርሰውም ሆዱ ጮኸ። ከፊቱ ያሉት እየጎረሱ ሲያልፉ ግን አንድ ሐሳብ መጣበት። ዓሣ ከሐይቅ ወጥቶ በቆሎ አይበላም። ዛሬ «ዓሣ ነው» ካለ፣ ነገ ማሳው ሲጋጥ ማን በላው ሊል ነው?

ተራው ደረሰ። ባለጸጋው ጠቅልሎ ዘረጋለት። ገበሬው አፉን ገጠመ።

«ጉረስ እንጂ!»

«ጌታዬ፣ ይህ ዓሣ አይደለም። ክንፍ የለው፣ ቅርፊት የለው። ለመተንፈስ አፍንጫውን ከውሃ ያወጣል። ግልገሉን ጡት ሲያጠባ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ባለጸጋው ሳቀ። «እኔ ይህን የማላውቅ መሰለህ? እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል።»

«ሁሉም ካወቀውማ የእኔን አፍ ለምን ፈለጉት?»

ሳቁ ቆመ። እጁ ግን እንደተዘረጋ ቀረ፤ ሰው ሁሉ እያየ እንዴት ይመልሰው? መረቁ በክንዱ ወርዶ ነጭ እጀ ጠባቡን አበላሸው። ገበሬውም አፉን አልከፈተም። በመጨረሻ የዛለው የባለጸጋው እጅ ነው።

ገበሬው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ አገር ለቀቀ፤ ከሚስቱ ዘመዶች ዘንድ ሄዶ ተጠጋ። የቀሩትም፣ «እልኸኛ! አንዲት ጉርሻ ውጦ ዝም ቢል ምን ነበረበት?» እያሉ አሙት።

እህሉ ሲደርስ ጉማሬዎቹ ወጡ። ዓሣ መባላቸውን አልሰሙም መሰለኝ፣ ማሳውን ሁሉ አጨዱት። ጭሰኞቹ እንደ ልማዱ ግብር እንዲቀርላቸው ቢለምኑ ባለጸጋው፣ «ዓሣ ከውሃ ወጥቶ እህል አይበላም። ዓሣ ነው ያላችሁትም እናንተው ናችሁ፤ በእጄ አጉርሼ ሰምቻችኋለሁ» አላቸው። ከዳኛ ደረሱ። ዳኛው፣ «ጎርሳችኋል? ዓሣ ነው ብላችኋል?» ብሎ ቢጠይቃቸው ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። «እንግዲያው የእናንተን ቃል አልቀበልም» አለ። ያን ጊዜ ገበሬው ትዝ አላቸው።

እያፈሩ ሄደው ለመኑት። ሚስቱ፣ «ያ እጅ ሲዘረጋበት የት ነበራችሁ?» ብላ በሩን ልትዘጋባቸው ነበር፤ እውነቷን ነው። ገበሬው ግን ተነሣ። ዳኛው ፊት ቆሞ ድግሱ ላይ የተናገረውን ያንኑ ተናገረ፤ አንድ ቃል አልጨመረም። ባለጸጋው ሊያስተባብለው ቢሻም ያ ሰው ሌላ ነገር ሲል የሰማ አንድም አልተገኘም። ዳኛውም ለጭሰኞቹ ፈረደ።

አባ ወሬውን እዚህ ላይ ገትተው ወደ ደባልቄ ዞሩ።

«አንተም እንደነሱ እውነት ሁሉም ስላወቀው አይጠፋም ብለሃል። ይጠፋል እንጂ! በየልቡ የተቀመጠ እውነት ችሎት ፊት አይቆምም፤ አንድ ያልጎረሰ አፍ ይፈልጋል። ነገ እጅህን አውጥተህ ውሃው ንጹሕ ነው በል፤ ከነገ ወዲያ የቀሩት ላሞችህ ሲወድቁ ምን ጠጥተው ሞቱ ልትል ነው? እምቢ ካልክ ይቀየሙህ፣ ያገልሉህ ይሆናል። ገበሬውም አገሩን ለቋል፤ አልዋሽህም።»

ደባልቄም፣ «እኔ እኮ ፈሪ ነኝ፣ አባ» አለ።

«ፍራ፣ ማን ከለከለህ? እጅህን ግን እንዳታወጣ።»