የገብስማዋ ቄብ ዘውድ

ተረት ልንገራችሁ፤ ንገረን ካላችሁኝ፣ በመስከረም አጋማሽ በተካሄደው አገር አቀፍ የቄብ ዶሮዎች የቁንጅና ውድድር ገብስማዋ ቄብ አንደኛ ወጣች። የዳኞች ሰብሳቢዋ ኤሊ ዘውዱን ልትደፋላት መድረክ ላይ ወጥታ እስክትወርድ ግማሽ ቀን ፈጀ። ስትወርድ ግን ከገብስማዋ እግር ሥር አንድ ነጭ እንቁላል ተገኘ። ደንቡ ደግሞ እንቁላል የጣለች አትወዳደርም ይላል።

«እትዬ ኤሊ፣ እኔ እንቁላል ጥዬ አላውቅም» አለች ገብስማዋ።

«ሁሉም እንደዚያ ይላል፣ ልጄ። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ጉድ አልነበረም። ዘውዱን መልሺና እንቁላልሽን ይዘሽ ሂጂ።»

ዘውዱን መለሰች። እንቁላሉን ግን ብርድ ላይ መጣል አልሆነላትም፤ ጓደኞቿ «ወይዘሪት እናት» እያሉ ሲስቁባት ሦስት ወር ታቀፈችው።

በታኅሣሥ ተፈለፈለ። ጫጩቱ ኤሊ ነበር።