የስንሻው ካሜራና የቁር አምባ ቀበሮ

አባባል ሁሉ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ይመስለኝ ነበር። በእኛ በቁር አምባ ግን ከእኔ በዕድሜ የምታንስ አንዲት አባባል አለች። እናት በጠራራ ፀሐይ ለልጇ ሦስት ሹራብ ስትደርብለት ጎረቤት ይህችኑ ይላታል። ገብሱን ነቀዝ እንዳይደርስበት ብሎ በርሜል ውስጥ ጠርቅሞ ለሻጋታ የዳረገ ገበሬም ተብሏል። ሚስቴን ሰው ያይብኛል ብሎ በር ሲዘጋ ከርሞ፣ በመጨረሻ እሷው በሩን ከፍታ የሄደችበት ሰውም ተብሏል፤ ስሙን አልጠራም።

ለመሆኑ መጀመሪያ የተባለው ለማን ነው? ብዬ ስጠይቅ «ለስንሻው ካሜራ» አሉኝ። ለካሜራ የተነገረ አባባል ሰምቼ ስለማላውቅ ወደ ስንሻው ሄድኩ፤ ከእሱም ቀጥዬ ወደ ሣሩ ጥበቃ ወደ እሸቴ። የሁለቱ ታሪክ የሚለያየው በፌስታሉ ብዛት ብቻ ነው። ስንሻው አራት ነበር ይላል፤ እሸቴ ስድስት።

ስንሻው ከተማችን ውስጥ ፎቶ ቤት አለው። ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ያነሣል፣ ሠርግ ይቀርጻል። ልቡ ግን ሁልጊዜ ሜዳ ነው፤ ወፉ፣ እንደ ዛፍ የሚረዝመው ጅባራ፣ ጭላዳ ዝንጀሮው፣ ጠዋት ጠዋት ከገደል የሚወጣው ጭጋግ። የመጀመሪያ ካሜራውን የገደለበት ዝናብ ነው። አንድ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ከድንኳን ሲወጡ በረዶ የቀላቀለ ዶፍ ወረደና ካሜራው እጁ ላይ ዝም አለ። ሙሽራይቱ እስከ ዛሬ የሠርግ ፎቶ የላትም። መንገድ ላይ ባገኘችው ቁጥር «ስንሻው፣ ለመሆኑ እኔ አግብቻለሁ?» ትለዋለች። ከዚያ ወዲህ ደመና ባየ ቁጥር መጠለያ ይፈልጋል።

ሁለተኛውን ካሜራ አዲስ አበባ ሄዶ ሲገዛ ሻጩ ሽማግሌ ሰው ነበሩ አሉ።

«የት የት ነው የምታነሣው?» ብለው ጠየቁት።

«ደጋ ነው አባባ። ውርጭ አለ፣ ጭጋግ አለ፣ ዝናብማ አይጠየቅም።»

ሁለት ቦርሳ አወረዱለት። አንዱ የሸራ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ከላይ የሚለብሰው ስስ ልብስ አለው። ሌላው ወንዝ ውስጥ ቢጥሉት ጠብታ የማያስገባ ጠንካራ ሳጥን።

«የሸራውን ውሰድ» አሉት። «ሲዘንብ ታለብሰዋለህ፣ ሲያባራ ታወልቅለታለህ። ዕቃም እንደ ሰው መተንፈስ ይፈልጋል። እነዚህንም ትንንሽ ከረጢቶች አትጣላቸው፤ እርጥበት ይጠጣሉ።»

ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን፣ ጥሬ ጨው የሞላባት የምትመስለውን ከረጢት ታውቋታላችሁ። ስንሻው ላይዋ ላይ «አይበላም» የሚል ጽሑፍ አየና «የማይበላ ነገር ምን ሊሠራልኝ?» ብሎ አውቶብስ ተራ ጣላት። የሸራውን ቦርሳ ገዛ፤ ዓይኑ ግን ሳጥኑ ላይ ቀረ። እኔ ይህን ስሰማ ነገሩ ሁሉ የተጀመረው እዚያ ሱቅ ውስጥ ይመስለኛል።

አሁን ስለ ሣሩ ልንገራችሁ። ቁር አምባ ላይ ጓሳ የሚባል ረጅም ሣር ይበቅላል፤ ቤታችን የሚከደነው በእሱ ነው። ያገኘ ሁሉ አያጭደውም። ይከለላል፣ ይጠበቃል፣ ሽማግሌዎች ቀን ሲቆርጡ ብቻ ይከፈታል። የዚያን ቀን አገሩ በሙሉ ማጭዱን ይዞ፣ ውሻውን አስከትሎ ይወጣል። በዚያ ዓመት የተቆረጠው ቀን የካቲት ውስጥ አንድ ሰኞ ነበር። በልግ ደጃፍ ላይ ደርሷል፤ ጣሪያው ያረጀበት ሁሉ ሰኞን በጣቱ ይቆጥራል።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እሸቴ ጥቁር በርኖሱን እንደ ደረበ ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ቆመ።

«ስንሻው፣ ከቋጥኙ ሥር ቀይ ቀበሮ ወልዳለች።»

«እንኳን ማርያም ማረቻት!»

«አትቀልድ። አምስት ናቸው። ሰኞ አጫጁ ከነውሻው ሲገባባቸው አንድ አይተርፍም።»

«ታዲያ ለአያ ሞገሴ ንገራቸዋ።» አያ ሞገሴ የሣሩ ሸንጎ ሰብሳቢ ናቸው።

«አምና ነግሬ አልነበር? ሁለት ሳምንት ሙሉ ማጭድ ተሰቀለ። ሄደው ቢያዩ ጉድጓዱ ባዶ፤ ለካ እናትየው ግልገሎቿን አዛውራለች። በመሀል ዝናቡ ገባና ክዳን ሣር ያላገኘው የእትዬ ዘርትሁን ቤት ሲያፈስ ከረመ። ከዚያ ወዲያ የእሸቴ ቀበሮ ማለት ውሸት ማለት ሆኗል። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሸንጎው ይቀመጣል። የእኔን አፍ አያምኑትም፤ ያንተ ካሜራ ይናገር።»

«በስልክህ አታነሣም?»

«ሞከርኩ። ከሩቅ ቋጥኝና ሣር ነው የሚያሳይ፤ ስጠጋ ይገባሉ። ደግሞ ብቅ የሚሉት ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ፀሐይ ከሞቀ አታገኛቸውም። ያለን የነገ ጠዋት ብቻ ነው።»

ስንሻው ረጅሙን ሌንስ አነሣ። ከሰዓት በኋላ ሽቅብ ሲወጡ የበልግ መልእክተኛ የመሰለች ካፊያ ለአሥር ደቂቃ ያህል ወረደች። የካሜራው ቦርሳ የዝናብ ልብሱን ለብሶ ስለነበር ካሜራውን ምንም አልነካው። የስንሻው የአንገት ፎጣ ግን ራሰ። ማታ በጥበቃው ጎጆ ውስጥ እሳት ዳር ሰቅሎት አደረ።

ጎሕ ሊቀድ ሲል ተነሥተው መሰናዳት ጀመሩ። መቼም ስንሻው ሥራውን የማያውቅ ሰው አይደለም። ባትሪ ብርድ ይፈራል ብሎ ብብቱ ውስጥ አሳድሮታል። ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ በነፋስ እንዳይናወጥ ድንጋይ የሚንጠለጠልበት ገመድ አስሮለታል። ይሄን ሁሉ ካደረገ በኋላ ካሜራውን ከቦርሳው አወጣና በፎጣው ይጠቀልለው ጀመር። ከፎጣው በላይ ፌስታል። ከፌስታሉ ላይ ሌላ ፌስታል። አፉን በፕላስተር።

እሸቴ እያየ ቆየና «ሬሳ ነው እንዴ የምትገንዘው?» አለ።

«ዝናብ ቢመጣስ?»

«ና ውጣና ሰማዩን እየው። ኮከብ በኮከብ ነው።»

«የሠርጉም ቀን እንዲሁ ነበር!» አለና ሦስተኛውን ፌስታል ዘረጋ።

«እሺ፣ ፎጣውስ ደርቋል?»

ስንሻው የፎጣውን ጫፍ ጉንጩ ላይ አስጠጋ። «እንዴት ያለ ነገር ትጠይቃለህ? ይሞቃል እኮ!»

ልብ በሉ፤ ይሞቃል ነው ያለው። እሳት ዳር ያደረ ጨርቅ ሲሞቅ የደረቀ ይመስላል። እኔም ካልሲዬን ስንት ጊዜ እንዲህ ተሸውጄ አጥልቄዋለሁ።

ቋጥኙ ፊት ለፊት ሲደርሱ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። ከጉድጓዱ መቶ እርምጃ ያህል ርቀው በደረታቸው ተኙ። ስንሻው ማቆሚያውን ተከለ፤ ጥቅሉን ግን አልፈታም። ምክንያቱም ከወደ ምሥራቅ አንዲት የእጅ መዳፍ የምታህል ደመና አይቷል። ጥቅሉ ውርጭ የያዘ ድንጋይ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠ። እሸቴ አቅራቢ መነጽሩን ከበርኖሱ ሥር አውጥቶ ጉድጓዱን ይጠብቃል።

ሰማዩ ቀላ። እሸቴ ትንፋሹን ዋጠ።

«ወጣ! አንድ… ሁለት… ስንሻው፣ ሦስት!»

ስንሻው ፕላስተሩን ላጥ ቢያደርግ ፌስታሉ ጭር ባለው ሜዳ ላይ ተንኮሻኮሸ። እናትየው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ጆሮዋን አቆመች። ደንግጦ ተወው። እንደገና ቀስ ብሎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ አንዱን አወጣ፣ ሌላውን አወጣ፣ ፎጣውን ገለጠ። ሌንሱ የሞራ ግርዶሽ እንደ ያዘው የአዛውንት ዓይን ነጭ ሆኖ ጠበቀው። ቶሎ በፎጣው ጠረገው፤ ፎጣው ራሱ ውሃ ነው፤ ባሰበት። በሸሚዙ ጠረገው፤ ተመልሶ ጉም ለበሰ።

«አንሣ እንጂ!» አለ እሸቴ በሹክሹክታ። «አምስቱም ወጥተዋል! አይጥ ይሻማሉ! እናትየው ታዛጋለች!»

«አይታየኝም!»

«እኔ ይታየኛል እኮ!»

«አንተ ካሜራ አይደለህማ!»

የሆነው ይሁን ብሎ ተኮሰ፤ ደጋግሞ ተኮሰ። ባትሪው አልከዳውም፣ ማቆሚያው አልተነቃነቀም። ብርጭቆው ብቻ ነው የከዳው። ፀሐይ ወጣች። ግልገሎቹ አንድ በአንድ ገቡ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሌንሱ ጠራና ስንሻው አንድ ፎቶ አነሣ፤ እያንዳንዷ የሣር ዘለላ ከነውርጯ ተቆጥራ የምትታይበት፣ ቋጥኙ ሊዳሰስ የደረሰበት፣ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ጥራት ያለው ፎቶ አላነሣም። ቀበሮ ግን የለበትም።

ካሜራውን ይዘው ወደ ሸንጎው ወረዱ። ያቺም ደመና እንደ መጣች ጠፍታለች።

ሸንጎው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ጽድ ሥር ተቀምጧል። እሸቴ አምስት ግልገሎች በዓይኑ ማየቱን ተናገረ። ከኋላ አንዱ «የእሸቴ ቀበሮ!» ሲል ሰው ሳቀ። ካሜራው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። መስኮቷ ላይ የሚታየው ነጭ ጉም ነው፤ መሀሉ ላይ ቀላ ቀላ ያሉ ነጠብጣቦች አሉ።

እትዬ ዘርትሁን ካሜራውን አቅርበውም አርቀውም አዩት።

«ይሄማ በርበሬ የተነሰነሰበት አይብ ነው!»

ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና ድምፃቸው ተለወጠ። «ቀበሮዋ ቤት አላት። አያፈስባትም። ቤት የሌለኝ እኔ ነኝ። አምና ባልዲ ደርድሬ ነው የከረምኩት፤ ዘንድሮም በዚህ አይብ ልክረም?»

ያን ጊዜ የሳቀ የለም። እሸቴ አንገቱን ደፋ። ስንሻው መሬቱ ቢከፈትለት ይገባ ነበር።

አያ ሞገሴ እጃቸውን ዘረጉና ካሜራውን ተቀበሉ። ብዙ ሰዓት የቆዩ እስኪመስል አተኩረው አዩት።

«ዝናብ ነካብህ?»

«የለም አያ። ጠብም አላለ።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

ስንሻው ቦርሳውን ከፈተና ፌስታሎቹን አንድ በአንድ እያወጣ ሣሩ ላይ ደረደራቸው። ከኋላቸው ፎጣውን። ሰው አንገቱን እያሰገገ ያያል። አያ ሞገሴ የፌስታሉን ጀርባ ዳሰሱ፤ ደረቅ። እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ፤ ጣታቸው ረጥቦ ወጣ። ፎጣውን ጨመቅ ቢያደርጉት ሁለት ጠብታ ጫማቸው ላይ ወረደ።

«እኔው ጠቅልዬ፣ እኔው አፍኜ ገደልኩት» አለ ስንሻው። «እሸቴስ ሬሳ ትገንዛለህ ወይ ብሎኝ ነበር።»

አያ ሞገሴ ወደ ሸንጎው ዞሩ።

«እስቲ ስሙኝ። ይህ ልጅ ሊዋሽ አስቦ ቢሆን ደኅና ፎቶ ይዞ ይመጣ ነበር። ከሌላ አገር ቀበሮ ተውሶም ቢሆን አሳምሮ ያቀርብ ነበር። አገር በተሰበሰበበት ፌስታሉን ዘርግቶ በራሱ ላይ የሚያስቅ ውሸታም አላየሁም። እሸቴም ፎቶውን ሳናይ አምስት ብሏል፤ ነጠብጣቦቹን ቆጠርኳቸው፣ ከትልቋ ከእናትየው ሌላ አምስት ናቸው። የቋጥኙ ሥር እስኪያድጉ ይቆይ። ነገ ከወንዙ በኩል እንጀምራለን፣ ውሻ ያለው አስሮ ይምጣ። የመጀመሪያው ሸክም የዘርትሁን ቤት ይሄዳል፤ ክዳኑም ነገውኑ ይሠራል።»

ሁሉም ወደ እትዬ ዘርትሁን ዞረ።

«ነገ ከሆነማ» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ቀበሮዋም ልጆቿን በሰላም ታሳድግ።»

ሰው ተነሥቶ መበታተን ጀመረ። ስንሻው ከደስታውም ከሐፍረቱም የተነሣ የሚያደርገውን አላወቀም። ጎንበስ ብሎ ፎጣውን አነሣ፣ ካሜራውን በእሱ ጠቀለለ፣ አንዱን ፌስታል አንሥቶ አፉን ሊከፍት እፍ አለበት። አያ ሞገሴ በከዘራቸው ፌስታሉን ከእጁ ቀስ አድርገው አወረዱና «ተወው ልጄ፤ ዝናብ የፈራ በላቡ ራሰ» አሉት።